እሑድ የታየ ቤት

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ቤት ገዝቶ ጥሪት ለማኖር የሚያስብ ወገን፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው አስቀድሞ መንገዱን እንዲመረምር የሚያሳስብ ልዩ ዘገባ

ቅዳሴ ከተፈጸመ ሁለት ሰዓት አልፎታል። በኦክላንድ ከሚገኘው ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ባልና ሚስት፣ እርሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ እርሱም የሁለት ዓመት ልጃቸውን እንደ ታቀፈ፣ በምሥራቅ ኦክላንድ ከኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ በታች ባለች ጠባብ ጎዳና ላይ፣ ለሽያጭ ከቀረበ አንድ ዱፕሌክስ ፊት ቆመዋል። በሩ ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው፤ ወለሉ ተወልውሏል፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጓል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። በአንዱ ወገን ራሳቸው ኖረው፣ ሁለተኛውን አከራይተው የባንኩን ዕዳ ሊያቃልሉበት ያሰቡት እነዚህ ወጣቶች፣ ለዳውን ፔይመንት የሚሆነውን ገንዘብ ከደመወዛቸው እየቈጠቡና ዕቁብ እየጣሉ ስድስት ዓመት ያጠራቀሙ ናቸው፤ ዋጋው በከተማው ካዩት ሁሉ የቀለለ ሆኖ ስላገኙትም ልባቸው አስቀድሞ ገብቶበታል።

ከእነርሱ ጋራ የመጡት ሽማግሌ ግን ወደ ወጥ ቤቱም ወደ መኝታ ቤቱም አልገቡም። በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱት እኒህ አባት፣ ቤቱን በዝግታ ዞረው በጓሮ በኩል ወዳለው መስኮት ተጠጉና በደፉ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ባነሡትም ጊዜ የጣታቸው ጫፍ የምጣድ ቂጥ እንደ ነካ ሰው ጠቍሮ ታየ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?» አለች ወጣቷ።

«የናፍጣ ጥቀርሻ ነው፣ ልጄ። አውራ ጎዳናው ከዚያ ከግንቡ ወዲያ ነው። ዛሬ እሑድ ነውና ዝም ብሏል። ማክሰኞ ጧት በ1 ሰዓት ተመልሳችሁ እዩት፤ የዚያን ጊዜ ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል።»

እኔም በዚያች ሰዓት አብሬያቸው ነበርሁና፣ የሽማግሌው ቃል ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አነሣሣኝ። በአሜሪካ የቤት ነጋዴዎች ዘንድ የቤትን ዋጋ የሚወስነው «ቦታ፣ ቦታ፣ አሁንም ቦታ ነው» የሚል አባባል እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል፤ ነገር ግን ቦታ የተባለው ነገር፣ ከአንዱ መሬት ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ፣ በዚያም መንገድ ላይ የሚፈሰው የመኪና ብዛት መሆኑን ልብ ብሎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን፣ ሰዓቱ ግን በአገራችን አቈጣጠር ነው።)

ሁለት መንገዶች፣ ሁለት ዕድሎች

ኦክላንድን በቁመቷ ሁለት አውራ ጎዳናዎች ያቋርጧታል። ቍጥር 580 የተባለው በኮረብታዎቹ ግርጌ፣ ዛፍ በበዛባቸው ሰፈሮች አጠገብ ያልፋል፤ ቍጥር 880 የተባለው ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ዳር ባለው ሜዳ፣ ፋብሪካና መጋዘን ከሠራተኛ ቤት ጋራ በተደባለቀበት ሰፈር መካከል ወደ ሳን ሆዜ ይወርዳል። በካርታ ላይ ሲያዩዋቸው እንደ መንታ ወንድማማች ቢመስሉም በሕግ ፊት እኩል አይደሉም፤ ከ4 ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን የጭነት መኪና በኦክላንድ ክልል በ580 እንዳያልፍ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለ ተከለከለ፣ ወደ ኦክላንድ ወደብ የሚገቡትና ከወደቡ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች ሸክማቸውን፣ ጩኸታቸውንና ጢሳቸውን ይዘው የሚያልፉት በ880 በኩል ነው።

ይህ ሸክም በሜዳው ሰፈር ላይ ለምን ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን ከመንገዱ በፊት በተሣለ ወረቀት ላይ ያገኘዋል። የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር ድርጅት በ1937 የኦክላንድን ሰፈሮች በቀለም ለይቶ ባዘጋጀው ካርታ፣ ጥቍሮችና መጻተኞች የሚኖሩባቸው የሜዳ ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ፤ ቀይ ማለትም ለአበዳሪው «እዚህ ገንዘብህን አታውጣ» ማለት ነበር። ብድር የተነፈገው ሰፈር ዋጋው ወደቀ፤ ዋጋው የወደቀውም ሰፈር በቀጣዮቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አውራ ጎዳና ለሚቀይሱት መሐንዲሶች ርካሽ መሬትና አቅም ያጣ ተቃዋሚ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መንገዱ ሰፈሩን አደኸየው ማለት እውነት ቢሆንም፣ ድህነቱም አስቀድሞ መንገዱን ጠርቶት ነበር።

የካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ ባለሥልጣን በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ መኖሪያ ቤት ከአውራ ጎዳና በ500 ጫማ፣ ማለት በ150 ሜትር ግድም ክልል ውስጥ እንዳይሠራ መክሯል። በ2017 በታተመ ጥናት ደግሞ፣ የአየር መለኪያ የተገጠመላቸው የጉግል መኪናዎች የኦክላንድን ጎዳናዎች ደጋግመው ከዞሩ በኋላ፣ የጢሱ ብዛት ከሰፈር ሰፈር ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ጎዳና እስከ ሌላው እንደሚለያይ ተረጋገጠ። ሽማግሌው በጣታቸው ያወቁትን ሳይንስ በመሣሪያ መሰከረው።

ልምድ ያላቸው የቤት አሻሻጮች በዚህ ነገር ላይ የሚሰጡት ምክር አንድ ዐይነት ነው። በአውራ ጎዳና ጥግ ያለ ቤት ሲገዙት ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ያንኑ ቤት በሚሸጡበት ቀን፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ገዥ ያንኑ ጩኸት ይሰማልና የቀለለው ዋጋ እንደ ቀለለ ይቀራል። «እኔ አልኖርበትም፤ አከራየዋለሁ» የሚለውም ባለ ገንዘብ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም፤ ተከራይ ጆሮና ሳንባ ያለው ሰው ነውና፣ ሌላ ቤት ባገኘ ጊዜ ለቆ ይሄዳል፤ ቤቱ ባዶ በቆየ ቍጥር ደግሞ ርካሽነቱ እየተበላ ያልቃል።

«ሲገዙት መንገዱ ያቀለለው ቤት፣ ሲሸጡትም መንገዱ ያቀልለዋል።»

የወደቀው መንገድ

መንገድ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲፈርስም የመሬትን ዕድል እንደሚለውጥ ለማየት የሚወድ ሰው፣ ወደ ምዕራብ ኦክላንድ ይሂድ። በ1957 በዚያ ሰፈር መካከል ሳይፕረስ የተባለ ባለ ሁለት ደርብ የኮንክሪት አውራ ጎዳና ቆመ፤ የጥቍሮች ንግድና ሙዚቃ ያበበበትን ያን ሰፈርም ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለው። በጥቅምት 17 ቀን 1989፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሲሆን፣ ሎማ ፕሪዬታ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ምድሪቱን ባናወጣት ጊዜ፣ ላይኛው ደርብ በታችኛው ላይ ተደርምሶ በዚያ መንገድ ብቻ 42 ሰዎች ሞቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገና ሳይደርሱ መሰላል አቁመው፣ ገመድ ወርውረው፣ በጢስና በአቧራ መካከል የሰውን ነፍስ ያወጡት፣ ያ መንገድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስጨነቃቸው የዚያው ሰፈር ሰዎችና በአካባቢው ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው መንገዱ በነበረበት ተመልሶ እንዳይሠራ ተሟግቶ ረታ። አዲሱ አውራ ጎዳና በባቡር ሐዲዱ በኩል ዳር ዳሩን ዞሮ በ1997 ተከፈተ፤ አሮጌው የኮንክሪት ጥላ ያረፈበት ስፍራም በመካከሉ ዛፍ የተተከለበት፣ ሰው በእግሩ የሚመላለስበት ሰፊ ጎዳና ሆኖ፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም ማንዴላ ፓርክዌይ ተባለ።

ለቤት ገዥ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ምዕራብ ኦክላንድ ከሳን ፍራንሲስኮ መካከል በባርት ባቡር አንድ ጣቢያ ብቻ የምትርቅ ሰፈር ናት፤ ይህም ቅርበት ባቡሩ ከባሕረ ሰላጤው በታች ማለፍ ከጀመረበት ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። ዳሩ ግን ደርቡ በቆመበት ዘመን ሁሉ ያ ቅርበት ለሰፈሩ ዋጋ አልሆነለትም፤ ጥላው በተነሣ ጊዜ ግን ባለ ገንዘቡ ሁሉ ሰፈሩ ዛሬ የተፈጠረ ይመስል ይጎርፍበት ጀመር። ኅሊና ላለው ሰው የሚያሳዝነው፣ ጩኸቱን ከታገሡትና ከፍርስራሹ ውስጥ ሰው ካወጡት ብዙዎቹ ተከራዮች ስለ ነበሩ፣ ሰላሙ ሲመጣ የቤት ኪራዩም አብሮ መጥቶ ከሰፈሩ ማስለቀቁ ነው። አባቶቻችን ርስት ለሌለው ሰው ያዝኑ የነበረው ለዚህ ነው፤ መከራውን ተካፍሎ በረከቱን የማይካፈል እርሱ ነውና።

አስፋልት ዳር

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል። በአገራችን «አስፋልት ዳር ነው» የተባለ ቤት በዚያች ቃል ብቻ ዋጋው ይወጣል፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ይሆናል፣ ፎቁ ቢሮ ይሆናል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ደንበኛ ይሆናል። ይህን ሐሳብ በልቡናው ይዞ ባሕር የተሻገረ ወገን፣ በኦክላንድ የአውራ ጎዳና ጥግ ርካሽ ቤት ሲያይ «እንዲህ ያለ አስፋልት ዳር በዚህ ዋጋ!» ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አስፋልት ሁሉ አንድ አይደለም። በ880 ላይ በቀን የሚያልፈው መኪና እልፍ አእላፋት ነው፤ ከእነዚያ መካከል ግን አንዱም ቆሞ እንጀራ አይገዛም። ለሱቅ እንጀራ የሚሆነው፣ በዝግታ የሚሄድ፣ መብራት ላይ የሚቆም፣ መኪናውን አቁሞ ወርዶ የሚገባ ሰው ነው።

የዚህም ምስክር በኦክላንድ በተመስካል ሰፈር የሚያልፈው ቴሌግራፍ ጎዳና ነው። በ1960ዎቹ የቍጥር 24 አውራ ጎዳናና የባርት ሐዲድ በተመስካል ሰፈር ላይ ሲሠሩ ሰፈሩ ተቈረጠ፤ የቀድሞው ንግድ ቀዘቀዘ፤ ሱቆቹም ተከራይ አጥተው ረከሱ። በዚያ ርካሽ ዘመን የኮርያ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች ገብተው ምግብ ቤትና ቡና ቤት፣ የበርበሬና የጤፍ መደብር ከፈቱ፤ የቡናውና የወጡ ሽታ ከደጅ እየጠራ ሰፈሩን መልሶ አቀናው። ዛሬ ተመስካል በዋጋው የታወቀ ሰፈር ነው። የዚያን ዘመን ነጋዴዎች ሲያጫውቱኝ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ቁጭት አላቸው፤ ይኸውም ሰፈሩን ያቀናው ሁሉ እኩል እንዳልተጠቀመ፣ ሕንፃውን የገዛው በሰፈሩ እንደ ቀረ፣ በኪራይ የሠራው ግን ባቀናው ሰፈር ኪራይ እንደ ተገፋ ነው።

«መንገድ ለሱቅ ደጅ ነው፤ ለመኝታ ቤት ግን ግድግዳ ያሻዋል።»

የጠፋው ወር

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው መንገድ 40 ማይል ያህል ነው። እሑድ ጧት የሄደ ሰው ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ያው ሰው ማክሰኞ ጧት በሄይዋርድና በፍሪሞንት በኩል ወደ ደቡብ ቢነሣ፣ ወይም ወደ ማታ ወደ ሰሜን ቢመለስ፣ ጊዜው እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር ርቀትን በማይል የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

መንገዱ እንዲህ የተጨናነቀበትን ምክንያት ለማወቅ የሳን ሆዜን አስተዳደግ ማየት ይበቃል። የሳንታ ክላራ ሸለቆ ከቴክኖሎጂው ዘመን በፊት የፕለምና የአፕሪኮት ዛፍ የሞላበት የአትክልት ምድር ነበር። ከ1950 እስከ 1969 ከተማይቱን ያስተዳደሩት ደች ሃማን የተባሉት ሰው፣ በዙሪያዋ ያለውን እርሻ እየጠቀለሉ ወደ ከተማው ክልል በማግባት እጅግ አሰፏት፤ በተጠቀለለውም መሬት ላይ፣ ከፊቱ ሣር ከኋላው ጓሮ ያለው የአንድ ቤተ ሰብ ቤት እየተደረደረ፣ ያለ መኪና ዳቦ እንኳ የማይገዛበት ከተማ ሆነች። ቤቱ በሳን ሆዜ ሲበዛ፣ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ በማውንቴን ቪው፣ በፓሎ አልቶና በኩፐርቲኖ ተቀመጡ፤ በመካከሉም ሕዝቡ በየጧቱ የሚፈልስ ሆነ።

በዚህ ላይ ሌላ ምሥጢር ይጨመራል። በ1978 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ የቤት ግብር በተገዛበት ዋጋ ላይ እንዲሰላና ያም ግምት በዓመት ከመቶ 2 በላይ እንዳያድግ ስለ ደነገገ፣ ቤቱን ከብዙ ዘመን በፊት የገዛ ሰው ሸጦ ወደ ሥራው ቢቀርብ አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ዋጋ አዲስ ግብር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሥራው ሲዛወር ቤቱ አይዛወርም፤ መንገዱ ብቻ ይረዝማል። ቤት አጥቶ የቀረው አዲስ ትውልድ ደግሞ ርካሽ ፍለጋ የአልታሞንትን ተራራ ተሻግሮ እስከ ትሬሲና እስከ ስቶክተን ይወርዳል፤ ከዚያም ከንጋት በፊት ተነሥቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመለሳል።

ቼዛሬ ማርኬቲ የተባሉ ኢጣልያዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው በእግሩም ሄደ በባቡር፣ በየዘመኑ ለመንገድ የሚሰጠው ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ግድም እንደ ሆነ አመልክተዋል። አሁን አንባቢ ራሱ ያስላው፦ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስም አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው፣ በዓመት 240 ቀን ቢሠራ 720 ሰዓት በመሪ ላይ ያሳልፋል፤ ይህም ሌሊቱ ከቀኑ ጋራ ተቈጥሮ 30 ቀን፣ ማለት አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ወር ነው። ሌላው ሰው በዓመት 12 ወር ከጳጕሜን ሲኖር፣ እርሱ 11 ወር ከጳጕሜን ይኖራል። በዚያ በጠፋው ወር ውስጥ የልጁ የቤት ሥራ፣ የጎረቤቱ ለቅሶ፣ የማኅበሩ ጽዋ፣ የሰንበቱ ቅዳሴ አብረው ጠፍተዋል።

ነገር ግን የመንገድ መዘጋት ለሁሉ አንድ አይደለም። በሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ሌላው ሲመለስ ትሄዳለች፣ ሌላው ሲሄድ ትመለሳለች፤ ለመሐንዲሱ የተዘጋው መንገድ ለእርሷ ክፍት ነው። ከ2020 ወዲህ ከቤቱ መሥራት የለመደው ሠራተኛም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ወደ ቢሮ የሚሄድ ሆኗል። እንግዲህ ቤት የሚገዛ ሰው የራሱን ሰዓት፣ የሚያከራይም የተከራዩን ሰዓት መመርመር አለበት እንጂ፣ የጎረቤት ወሬ ለእርሱ መለኪያ አይሆነውም።

ላም አለኝ በሰማይ

ከመንገድ ሁሉ የሚያታልለው ገና ያልተሠራው ነው። የሳንታ ክላራ አውራጃ ሕዝብ ባርት ወደ ሳን ሆዜ እንዲመጣ ግብር ለመክፈል በ2000 ድምፁን ሰጠ። ባቡሩ ሚልፒታስና በርየሳ የደረሰው በሰኔ 2020 ነው፤ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚገባው የምድር ውስጥ መሥመር ዛሬም አላለቀም። በሃያ ዓመት ውስጥ ሕፃን አድጎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። «ባቡር ይመጣል» ተብሎ በተጨመረበት ዋጋ የገዛ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት ላልመጣ ባቡር ወለድ ከፍሏል።

ጉግል በሳን ሆዜ በዲሪዶን ጣቢያ ዙሪያ በ80 ኤከር ግድም መሬት ላይ ሊሠራ ያሰበው ሰፈር በ2021 በከተማው ምክር ቤት ጸድቆ፣ ሁሉ በተስፋ ሲጠብቅ፣ በ2023 ሥራው ቆመ። በኦክላንድም ኡበር በ2015 የቀድሞውን የሲርስ ሕንፃ በገዛ ጊዜ የመካከለኛው ከተማ ዋጋ በወሬ ተነሥቶ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ሳይገባበት በ2017 ሸጠው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስል ተስፋ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ባቡር ጣቢያው አስቀድሞ ቆሞ ባቡሩ የሚመላለስበት ቦታ ሌላ ነገር ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ ከዋና የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ማይል ውስጥ የሚሠራ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ ከተሞች እንዳያስገድዱ ከልክሏል፤ በ2025 የተፈረመው ሌላ ሕግ ደግሞ በእነዚህ ጣቢያዎች አጠገብ ከፍ ያለ ሕንፃ እንዲፈቀድ አዟል። በእግር ወደ ጣቢያ የሚደረስበት መሬት እንግዲህ ዛሬ ከሚያሳድረው ቤተ ሰብ ነገ የሚበልጥ ሊያሳድር የሚችል መሬት ነው። ልዩነቱ አንዱ በዐይን የሚታይ ሐዲድ፣ ሌላው በወረቀት ላይ ያለ ሥዕል መሆኑ ነው።

«ለቆመ ጣቢያ ክፈል፤ ለተሣለ ጣቢያ ግን ጸልይ እንጂ አትክፈል።»

ማክሰኞ ጧት

ባልና ሚስቱ የሽማግሌውን ቃል ሰምተው ማክሰኞ ጧት ተመለሱ። መኪናቸውን ከዚያው ቤት ፊት አቁመው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይናገሩ ተቀመጡ። ከግንቡ ወዲያ የጭነት መኪናዎቹ ያለ ማቋረጥ ያልፋሉ፤ አንዱ ፍሬን ሲይዝ የሚሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ሲቀደድ ይመስላል፤ በኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ቡና በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ሕፃኑ ከኋላ ተኝቶ ነበርና ነቃ። ከዚያም እናቲቱ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ሚልፒታስ፣ ሰዓቷን ይዛ ነዳች፤ የደረሰችበትንም ደቂቃ በወረቀት ጻፈችው። በዚያው ማታ ለአሻሻጩ ደውለው ቤቱን እንደ ተዉት ነገሩት። ዛሬም በመፈለግ ላይ ናቸው፤ ገንዘባቸውም በባንክ አለ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ከሩቅ ሰፊ ቤት የቅርብ ጠባብ ቤት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤት የምትገዙ ወገኖቼ ሆይ፣ ወጥ ቤት ይታደሳል፤ ጣሪያ ይለወጣል፤ ግድግዳ ይቀባል፤ መንገድን ግን አንድ ባለ ቤት ሊያነሣው አይችልም፤ ምዕራብ ኦክላንድ እንኳ ከዚያ ጥላ የወጣችው ምድር ተናውጣ፣ 42 ነፍስ ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤቱን እሑድ ብታዩት እዩት፤ ነገር ግን ማክሰኞ ጧት በ1 ሰዓት ሳትመለሱ አትፈርሙ።